የባዕድ ሊቅና ያገር መጽሐፍ፤ ስለ ጃፓን ኮጂኪና ስለ እኛ ክብረ ነገሥት

(በዴንቨር ኢንተርናሽናል አየር ማረፊያ በተደረገው የኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ለዛሬው ንግግራችን የመረጥነው ርእስ በመጀመሪያ ሲሰሙት እንግዳ ይመስላል። ስለ ጃፓን ጥንታውያን መጻሕፍት፣ ሺንቶ ስለሚባለው ሃይማኖቷ፣ እነዚህንም አስቀድመው ስላጠኑ የምዕራብ ሊቃውንት እንናገራለን። ኢትዮጵያዊ ተማሪ በኮሎራዶ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ስለ ጃፓን አማልክት ምን አገባው የሚል ቢኖር መልሳችን አጭር ነው። አባቶቻችን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ለመጻፍ ሲነሡ ምሳሌ አድርገው የተመለከቱት የጃፓንን ነበር። የጃፓን ሕገ መንግሥት ደግሞ የንጉሡን ሥልጣን ያቆመው በጥንታውያን መጻሕፍት ትረካ ላይ ነበር፤ የእኛም እንዲሁ። ስለዚህ የእነዚያን መጻሕፍት ዕድል ስንመረምር የራሳችንን ዕድል እንመረምራለን። በንግግራችን ውስጥ የምንጠራቸው ዓመቶች፣ በተለይ ካላመለከትን በቀር፣ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ስፍራ የመረጥነው ከየግዛቱ በአየር ለሚመጡት ወንድሞችና እኅቶች እንዲመች ብለን ነው፤ ነገር ግን ለርእሳችንም ባዳ አይደለም። ነጭ ጣሪያው በረዶ የለበሱትን የሮኪ ተራሮች የሚያስታውሰው ይህ አየር ማረፊያ በ1995 ተከፈተ፤ ከዚህ ተነሥቶ ወደ ቶኪዮ በቀጥታ የሚሄድ በረራም በ2013 ተጀመረ። ከዚህ ወደ ምዕራብ ብዙ ሳይርቅ፣ ከተራሮቹ ግርጌ፣ ቦልደር የሚባለው ከተማ አለ። በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል የጃፓንኛ ቋንቋ ትምህርት ቤቱን ከካሊፎርኒያ አንሥቶ በዚያው በቦልደር ወደሚገኘው ወደ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ አዛወረው። የተማሪዎቹ ተግባር የጠላትን ወረቀት ማንበብና ምርኮኛን መጠየቅ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ግን ከእነርሱ አንዳንዶቹ ቋንቋውን ለሰላም ሥራ አዋሉት። ከዴንቨር በስተ ደቡብ በካስል ሮክ አጠገብ የተወለደው ኤድዋርድ ሳይደንስቲከር ከነዚያ አንዱ ነው። በ1968 የኖቤልን ሽልማት የተቀበለውን የካዋባታን ልብ ወለዶች ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ፣ በ1976ም የጌንጂን ታሪክ በሙሉ ተርጉሞ ያሳተመ እርሱ ነው።

ከቦልደር መምህራን ብዙዎቹ በትውልዳቸው ጃፓናውያን የሆኑ አሜሪካውያን ነበሩ። በዚያው ዘመን ግን የአሜሪካ መንግሥት የጃፓን ዘር ያላቸውን ሰዎች ከምዕራቡ ባሕር ዳርቻ እያነሣ በሰፈር ያጉር ነበር። በዚሁ በኮሎራዶ ደቡብ ምሥራቅ፣ አማቼ በሚባለው ሰፈር፣ ከ7,000 በላይ ሰዎች በሽቦ አጥር ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ቋንቋው በዩኒቨርሲቲ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲከበር፣ ባለቋንቋው በዘብ ይጠበቅ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ አጥኚውና የሚጠናው ሕዝብ ግንኙነታቸው ምንድን ነው? ሌላ ሰው መጽሐፌን ሲያነብልኝ ማን ይጠቀማል? እኔ ራሴ እንዳላነበው የከለከለኝስ ማን ነው? ዛሬ የምንመረምረው ይህን ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ዘመን እንመለስ። ጃፓን በሯን ለባዕድ በከፈተች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሦስት እንግሊዛውያን ወደዚያ ገቡ። ኤርነስት ሳቶው በ1862፣ ዊልያም ጆርጅ አስተን በ1864፣ ባዚል ሆል ቼምበርሌን በ1873 ደረሱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኞች አስተርጓሚዎች ነበሩ፤ ሦስተኛው በጃፓን ባሕር ኃይል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። ከእነርሱ አንዱም ጃፓንኛን በኤውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ የሄደ አልነበረም፤ ሁሉም በሥራቸው ላይ ሆነው ካገሬው ሰው አፍ ተማሩ። በ1872 በዮኮሃማ የጃፓን የእስያ ጥናት ማኅበር ሲቋቋም የጥናታቸው መናገሪያ መድረክ ይህ ማኅበር ሆነ። ሳቶው በ1874 ስለ ኢሴ መቅደሶችና ስለ ሺንቶ መታደስ በማኅበሩ ፊት አነበበ። ቼምበርሌን በ1882 ኮጂኪን በሙሉ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። አስተን በ1896 ሁለተኛውን ታላቅ መጽሐፍ ኒሆንጊን ተረጐመ፤ በ1899 የጃፓንን ሥነ ጽሑፍ ታሪክ፣ በ1905 ስለ ሺንቶ ሰፊ መጽሐፍ አወጣ። ጀርመናዊው ካርል ፍሎሬንዝም በቶኪዮ እያስተማረ የዚያኑ ዓይነት ሥራ በጀርመንኛ ሠራ።

ኮጂኪ ምን ዓይነት መጽሐፍ ነው? በ712 ተጽፎ ለቤተ መንግሥት የቀረበ ነው። ሂኤዳ ኖ አሬ የሚባል ሰው የነገሥታቱን ትውልድና የጥንቱን ወሬ በቃሉ አጥንቶ ይዞት ነበር፤ ኦ ኖ ያሱማሮ የሚባል ሹም ደግሞ ከአፉ እየሰማ ጻፈው ይባላል። የቃል ትምህርት ምን እንደ ሆነ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። መጽሐፉ ስለ ሰማይና ምድር አጀማመር፣ ስለ ፀሐይ አምላክ ስለ አማቴራሱ ይተርካል፤ የጃፓን ነገሥታት ዘር ከእርስዋ እንደሚወርድም ይናገራል። ሺንቶ፣ ማለት የአማልክት መንገድ፣ መሥራች የለውም፤ እንደ ጸሎተ ሃይማኖት ያለ የእምነት ቃልም የለውም። በተራራ፣ በፏፏቴ፣ በትልቅ ዛፍ፣ በሞቱ አባቶችም መንፈስ አለ ይላል። ያገራችን ገበሬ አድባር የሚለውን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ፈጽሞ አይሰወርበትም።

ቼምበርሌን ይህን መጽሐፍ ሲተረጉም ሁለት ነገር አድርጓል፤ ሁለቱም ትምህርት ይሰጡናል። አንደኛው፣ ለእንግሊዝ አንባቢ ያሳፍራል ያለውን ቦታ ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ሳይሆን ወደ ላቲን መለሰው። የጃፓን አባቶች ያለ ኀፍረት የጻፉት ነገር በባዕድ ሚዛን ተመዝኖ ተሸፈነ ማለት ነው። ያው ሰው በሌላ መጽሐፉ የጃፓን ሥነ ጽሑፍ ጥልቅ ሐሳብ ይጐድለዋል ብሎ ፈርዷል። እኛም ይህን ዓይነት ፍርድ እናውቀዋለን፤ የግዕዝ ሥነ ጽሑፍ አብዛኛው ትርጉም ነው፣ የራሱ የሆነ ጥቂት ነው የሚለው ቃል በኤውሮፓ መጻሕፍት ተደጋግሞ ተጽፏል። ቅኔ ግን ባንድ በዓል በቃል ተዘርፎ የሚያልፍ ነው። በብራና ላይ ያለውን ብቻ የሚያነብ ሰው የቅኔን ብዙውን ክፍል ሊያገኘው አይችልም፤ ያላገኘውንም የለም ቢል አይፈረድበትም። የሚፈረድብን እያለን የለንም ስንባል ዝም በምንለው ላይ ነው።

ሁለተኛው ነገር ይበልጣል። ቼምበርሌን ኮጂኪን ብቻውን አላነበበውም። መጽሐፉ የተጻፈው በቻይና ፊደል፣ እኩሉ እንደ ትርጉሙ፣ እኩሉ እንደ ድምፁ ስለ ሆነ፣ ከሺህ ዓመት በኋላ ጃፓናውያን ራሳቸው ማንበብ አቅቷቸው ነበር። ይህን ቋጠሮ የፈታው ሞቶኦሪ ኖሪናጋ የሚባል የማትሱሳካ ከተማ ሐኪም ነው። ቀን ሕመምተኛ እያከመ፣ በትርፍ ጊዜው ከ30 ዓመት በላይ ደክሞ፣ በ1798 የኮጂኪን አንድምታ በ44 ክፍል ፈጸመ። ሳቶውም ሆነ አስተን፣ ቼምበርሌንም ቢሆን፣ በዚህ ሰው ትከሻ ላይ ቆመው አዩ። የምዕራብ ጥናት ተብሎ የሚጠራው ነገር ከመሠረቱ ያገር ሊቅ ጥናት ነበር።

ይህን ስንሰማ የራሳችን ታሪክ ወዲያው ይታወሰናል። ሂዮብ ሉዶልፍ የኢትዮጵያ ጥናት አባት ይባላል። እርሱ ግን በ1649 በሮማ ከአማራው አገር ከመካነ ሥላሴ ከመጣው ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ባይገናኝ ኖሮ ምን ያህል ይራመድ ነበር? ሁለቱ ሌላ የጋራ ቋንቋ ስላልነበራቸው መጀመሪያ የተነጋገሩት በግዕዝ ነበር። በ1652 የጎታው መስፍን አባ ጎርጎርዮስን ወደ ጀርመን አስጠራቸውና ስላገራቸው ታሪክ፣ ሃይማኖትና ልማድ ተጠይቀው መለሱ። ሉዶልፍ በ1661 የግዕዝን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛን ሰዋስው አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ግን በ1658 ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ በባሕር ላይ መርከብ ተሰብሮ ሞቱ። ሉዶልፍ ውለታቸውን አልካደም፤ በመጽሐፉ ገልጾ ጽፎታል። የተከተሉት ትውልዶች ግን ሉዶልፍን አንሥተው አባ ጎርጎርዮስን በግርጌ ማስታወሻ አስቀሩ።

ከሉዶልፍ በኋላ አውጉስት ዲልማን መጣ። ኢትዮጵያን በዓይኑ ሳያይ በ1857 ሰዋስውን፣ በ1865 መዝገበ ቃላቱን አወጣ፤ ዛሬም ግዕዝ የሚማር ሁሉ ይዞት ይዞራል። እንዲህ ያለውን ድካም ማቃለል ነውር ነው። ነገር ግን መጻሕፍቱ ኤውሮፓ የደረሱት በግዢና በስጦታ ብቻ አልነበረም። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከ ሰው አብሮ ተጉዞ ነበር፤ ከመቅደላ የተወሰዱ 350 ያህል የብራና መጻሕፍትም ወደዚያው ሙዚየም ገቡ። በ1877 ዊልያም ራይት የሙዚየሙን የኢትዮጵያ መጻሕፍት ዝርዝር ሲያሳትም የኤውሮፓ ሊቅ ሁሉ ደስ አለው። በቦልደር ያየነው የጦርና የትምህርት ጋብቻ በእኛም ቤት ተፈጽሟል ማለት ነው።

ከነዚያ መጻሕፍት መካከል ክብረ ነገሥት ነበረ። በ1872 አፄ ዮሐንስ ወደ እንግሊዝ ጽፈው ይህን መጽሐፍ መልሱልኝ ብለው ለመኑ። ምክንያታቸውም ያገሪቱ ሕግና የነገሥታቱ ነገር ያለበት ስለ ሆነ፣ ያለ እርሱ ሕዝቡ አልታዘዝ ይለኛል የሚል ነበር። ሙዚየሙ ሁለት ቅጂ ስለ ነበረው አንዱን መለሰ። ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህን ነገር በዝግታ አስቡት። ንጉሥ ከባዕድ መንግሥት መድፍ አልጠየቀም፤ መጽሐፍ ጠየቀ። ይህም መጽሐፉ የሥልጣን ዕቃ እንደ ነበረ ያስረዳል።

ክብረ ነገሥት በመጨረሻው ላይ እንደሚናገረው ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግድም በአክሱሙ ንቡረ እድ በይስሐቅና በባልንጀሮቹ ነው። ንግሥተ ሳባ ወደ ሰሎሞን እንደ ሄደች፣ ቀዳማዊ ምኒልክ እንደ ተወለደ፣ ታቦተ ጽዮን ወደ ኢትዮጵያ እንደ መጣች ይተርካል። ይህ ዘመን የሰሎሞን ዘር ነን የሚሉ ነገሥታት ከዛጔ መንግሥት ዙፋኑን ከወሰዱ ገና ብዙ ያልራቀ ዘመን ነበር። ኮጂኪም የተጻፈው የጃፓን ቤተ መንግሥት ሥልጣኑን በሚያጸናበት ዘመን ነው። ካርል ቤጾልድ የክብረ ነገሥትን ግዕዝ ከጀርመንኛ ትርጉም ጋር በ1905 አሳተመው፤ አስተን ስለ ሺንቶ ባሳተመበት በዚያው ዓመት ማለት ነው። ዋሊስ በጅ በ1922 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። የሁለቱ አገሮች የዘር ሐረግ መጻሕፍት ባንድ ዘመን፣ ባንድ ዓይነት እጅ፣ ለዓለም ተገለጡ።

አሁን ወደ ሕገ መንግሥቱ ደረስን። የጃፓን ሕገ መንግሥት በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1889 ታወጀ። ቀኑ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፤ የመጀመሪያው ንጉሥ ጂሙ የነገሠበት ቀን ነው ተብሎ ከጥንቱ መጽሐፍ ተቆጥሮ የወጣ ነው። አንቀጽ 1 ያልተቋረጠ የነገሥታት ዘር ይገዛል ይላል፤ አንቀጽ 3 ንጉሡ ቅዱስ ነው፣ አይደፈርም ይላል። በጁላይ 1931፣ ማለት በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 1923 ዓ.ም.፣ የታወጀውን ሕገ መንግሥታችንን ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከጃፓኑ አብነት ወሰዱ። በአንቀጽ 3 የንጉሠ ነገሥቱ ዘር ሳይቋረጥ ከቀዳማዊ ምኒልክ ይወርዳል ተባለ፤ በአንቀጽ 5 የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ ነው፣ ክብሩም አይደፈርም ተባለ። በዚያው ዓመት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ ጃፓን ተልከው ሄዱ፤ ሲመለሱም ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን የሚለውን መጽሐፍ ጻፉ። በ1946 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከበደ ሚካኤል ጃፓን እንደምን ሠለጠነች የሚለውን አሳተሙ።

እነዚህን አባቶች ማማት አሳባችን አይደለም። ባንድ ትውልድ ከኃያላን ጋር የተካከለች የእስያ አገር አይተው እኛስ ማለታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። የምንጠይቀው ሌላ ነው። ያ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ ስለ ጃፓን የማይሰማ ነገር ነበረ፤ ነገሩም ከ1912 ጀምሮ ታትሞ ተቀምጦ ነበር።

በ1912 ቼምበርሌን፣ ከጃፓን ወጥቶ በጄኔቭ ሲኖር፣ የአዲስ ሃይማኖት ፈጠራ የሚል ትንሽ ጽሑፍ አወጣ። ኮጂኪን የተረጐመው ያው ሰው ነው። ቃሉን ስናሳጥረው እንዲህ ነው፤ ዛሬ ጃፓናውያን ከጥንት የወረስነው ነው የሚሉት ንጉሥን የማምለክ ሃይማኖት ጥንታዊ አይደለም፤ በዘመናችን ሹማምንት የተሰናዳ ነው። ሺንቶ ተረስቶ የነበረ ነው፤ አሁን ለመንግሥት ሥራ ተጠርቶ አዲስ ልብስ ለበሰ። የጥንቶቹ ነገሥታት ከዙፋን የተወረወሩም፣ የተጋዙም፣ የተገደሉም ነበሩ። እንግዲህ የእኛ ሰዎች የጃፓን ኃይል ከጥንታዊ ዙፋኗ የመነጨ ነው ብለው ሲያደንቁ፣ ያደነቁት ጥንታዊነት እንደ ቼምበርሌን ምርመራ ዕድሜው ከባቡር ሐዲዷ አይበልጥም ነበር።

ይህን ቼምበርሌን በጄኔቭ ተቀምጦ መጻፍ ቻለ። ጃፓናዊ ቢጽፈውስ? መልሱ በታሪክ ተጽፏል። ኩሜ ኩኒታኬ በ1871 ወደ አሜሪካና ወደ ኤውሮፓ የተላከው የታላቁ መልእክት ጸሐፊ የነበረ፣ በኋላም በቶኪዮ ንጉሠ ነገሥታዊ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር የሆነ ሰው ነው። በ1891 ሺንቶ የጥንት የሰማይ አምልኮ ልማድ ነው የሚል ጥናት አወጣ፤ ጽሑፉ በሌላ መጽሔት እንደ ገና ሲታተም የሺንቶ ወገኖች ተነሡበትና በ1892 ወንበሩን ለቀቀ። ጹዳ ሶኪቺ የሚባለው ሌላ ሊቅ ኮጂኪንና ኒሆን ሾኪን በማነጻጸር የመጀመሪያዎቹ ነገሥታት ወሬ ታሪክ ሳይሆን በኋላ የተቀናበረ ትረካ መሆኑን አሳየ። በ1940 መጻሕፍቱ ታገዱ፤ በ1942 ተፈረደበት። ባዕዱ ከጻፈው የማይበልጠውን ነገር ባለአገሩ ቢጽፈው ወንጀል ሆነ። የዚህ ውጤት ምን እንደ ነበረ ዓለም ያውቃል፤ ያልተመረመረው መጽሐፍ ስንት ሺህ ወጣት ወደ ሞት ነዳ። ከሽንፈቱ በኋላ በዲሴምበር 1945 መንግሥትና ሺንቶ ተለያዩ፤ በጃንዋሪ 1 ቀን 1946 ንጉሡ ራሱ የአምላክነት ነገር ተረት መሆኑን አስታወቀ። ጹዳም በ1949 ከመንግሥት የክብር ኒሻን ተቀበለ። አስቀድሞ ቢሰማ ኖሮ ኒሻኑ ቀርቶ አገሩ በተረፈች!

በእኛ አገርስ ድምፅ አልነበረም? ነበረ። ቼምበርሌን በጻፈበት በዚያው በ1912 ገደማ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ በሚለው ጽሑፉ ያገራችንን ታሪክ ጸሐፊዎች ወቅሷል። ታሪክ ለመጻፍ ሰው የሆነውን የሚያስተውል ልቡና፣ የማያዳላ ፍርድ፣ የጠራ ቋንቋ ያስፈልገዋል ብሏል። ጃፓንንም ምሳሌ አድርጎ ያነሣ ሰው ነው። ጃፓንን ከወደዱት መካከል የዙፋንዋን ጌጥ ሳይሆን የትምህርትዋን ሥራ ለይቶ ያየ ሰው እንዲህ ያለው ነበር። ነገር ግን ቃሉ ወደ ሕገ መንግሥቱ አልገባም፤ የዘር ሐረጉ ገባ። በ1955ቱም በተሻሻለው ሕገ መንግሥት እንደ ገና ተደገመ። በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ ሐረጉ በወረቀት ላይ ሙሉ ነበር፤ የተራበው የወሎ ሕዝብ ግን ከዚያ ሐረግ ላይ እንጀራ አላገኘበትም።

አንዳንድ ወንድሞች ከዚህ ተነሥተው፣ ታዲያ አሮጌውን መጽሐፍ መጣል ነው ይላሉ። ሕዝብ እየተራበ፣ አገር በጦርነት እየታመሰ፣ ብራና መግለጥ የምቾት ሥራ ነው ይላሉ። ይህን አሳብ አንንቀውም፤ ነገር ግን አንቀበለውም። ያልተነበበ መጽሐፍ አይሞትም፤ ባንባቢ ፈንታ ገዢ ያገኛል እንጂ። ዛሬም በአገራችን ያንዱ ወገን ዘር፣ የሌላው ወገን መሬት፣ የሦስተኛው ወገን ቂም የሚጸናው በጥንት ወሬ ነው። ወሬውን የሚጠቅስ ሰው ሺህ ነው፤ ገጹን ያነበበ ግን በጣት ይቆጠራል። የጃፓንን ታሪክ አደገኛ ያደረገው የኮጂኪ መኖር አይደለም፤ ኮጂኪን መመርመር መከልከሉ ነው። ክብረ ነገሥትም እንደ ሥነ ጽሑፍ ውብ፣ እንደ እምነት የብዙ ሰው ልብ ማረፊያ፣ እንደ ታሪክ ምንጭ ደግሞ የሚመረመር ነው። እነዚህን ሦስቱን ለይቶ መያዝ የተማረ ሰው ተግባር ነው። አንዱን ከሌላው ጋር የሚያደባልቅ፣ አማኝም ይሁን ተቃዋሚ፣ መጽሐፉን አላከበረውም።

ሌሎች ወንድሞች ደግሞ በተቃራኒው፣ ፈረንጅ የጻፈውን ሁሉ እንጣል ይላሉ። ይህም አያዋጣም። ቼምበርሌን ኮጂኪን ሲሸፍን ተሳሳተ፤ አዲሱን ሃይማኖት ሲገልጥ ግን ልክ ነበር። ያንድ ሰው እጅ ሁለቱን ሠራ። የሰውየውን ዘር ሳይሆን ማስረጃውን መመርመር ያለብን ለዚህ ነው። ለመመርመር ግን ቋንቋውን ማወቅ ግድ ነው። እዚህ ላይ ነው የኛ ትውልድ ጉድለት የሚገለጠው። ከመካከላችን ዲልማንን በእንግሊዝኛ ትርጉም የሚያነብ አለ፤ ግዕዝን ከቅኔ መምህር እግር ሥር ተቀምጦ የተማረ ግን ጥቂት ነው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

ያገር ሊቅ ሥራውን በእጁ ሲይዝ ምን እንደሚሆን ሁለት ምሳሌ እንስጥ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ በሮማ ኢኛሲዮ ጉይዲን በ1901 በታተመው በአማርኛ መዝገበ ቃላቱ ሥራ የረዱ ሊቅ ናቸው። የራሳቸውን የግዕዝ መዝገበ ቃላትም ጀመሩ፤ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሥራውን ተረክበው ዕድሜያቸውን ሙሉ ደከሙበት፤ የእርሳቸው ደቀ መዝሙር ደስታ ተክለ ወልድ ደግሞ በ1948 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር በአዲስ አበባ አሳተሙት። ሦስት ትውልድ አንድ መጽሐፍ ተቀባበለ። ሁለተኛው ምሳሌ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1975 በጥይት ተመትተው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ቢቀሩም፣ በሚኒሶታ ግዛት በኮሌጅቪል ተቀምጠው በኢትዮጵያ በማይክሮፊልም ከተነሡት 9,000 ያህል የብራና መጻሕፍት የብዙዎቹን ዝርዝር አዘጋጁ። በ2021 እስኪያርፉም አንባቢና አሳታሚ ሆነው ኖሩ። እኚህ ሰው እንደ እኛ በስደት አገር ነበሩ፤ በረዶውም ከዴንቨር በረዶ የቀለለ አልነበረም።

ለተማሪ የሚሆን ሦስተኛ ምሳሌ ደግሞ ከጃፓን እንጨምር። የጌንጂን ታሪክ ወደ እንግሊዝኛ ለመጀመሪያ ጊዜ የመለሰው ከላይ የጠራናቸው ሊቃውንት አንዱም አይደለም። በ1882፣ ቼምበርሌን ኮጂኪን ባወጣበት ዓመት፣ በካምብሪጅ የሚማር ሱኤማትሱ ኬንቾ የሚባል ጃፓናዊ ወጣት ከ54ቱ ምዕራፍ 17ቱን ተርጉሞ በለንደን አሳተመ። ዕድሜው እንደ ብዙዎቻችን ከሠላሳ በታች ነበር። ትርጉሙ ፍጹም አልነበረም፤ ሌሎች በኋላ የተሻለ ሠርተዋል። ነገር ግን ባዕዱ እስኪናገርለት አልጠበቀም።

ስለዚህ በዚህ ስብሰባ ፊት ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ የግዕዝ መጻሕፍት ባሉበት ዩኒቨርሲቲ የሚማር አባላችን ሁሉ፣ ሐኪምም ይሁን መሐንዲስ፣ ግዕዝን ለማንበብ ይማር፤ ኖሪናጋም ሐኪም ነበር። በዴንቨርና በአውሮራ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅኔ የተቀኙ፣ ዜማ የተማሩ አባቶች አሉ፤ አንዳንዶቹም ሌሊት ሠርተው ቀን የሚቀድሱ ናቸው። መምህር ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። ሁለተኛ፣ ጥናት ስንጽፍ ያስተማሩንን የቃል ሊቃውንት፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀን፣ በስማቸው እንጥቀስ፤ አንድ ምንጭ እንደ ተባለ ደብተራ አይቅሩ። ሦስተኛ፣ ይህ መጽሔት በየጊዜው ስለ አንድ ጥንታዊ መጽሐፋችን የተደረገውን ምርመራ፣ የሚደግፈውንም የሚቃወመውንም፣ ባማርኛ ያውጣ። አገር ቤት ያለው ተማሪ ስለ ክብረ ነገሥት የተጻፈውን ለማወቅ ጀርመንኛ እስኪማር መጠበቅ የለበትም። ስለ ጃፓንም ቢሆን ከራሷ ሊቃውንት፣ ከኩሜና ከጹዳ፣ ባማርኛ የምናነብበት ቀን ይምጣ።

ይህ ሥራ ሰልፍ እንደ መውጣት አያስጨበጭብም፤ ጊዜም ይፈጃል። ነገር ግን ማንም ገዢ ተነሥቶ መጽሐፉ እንዲህ ይላል ሲለን፣ የቱ ገጽ ላይ ብለን የምንጠይቅበት እውቀት ከዚህ በቀር ከየትም አይመጣም።